እስኪጠፋ ድረስ አልነካውም ያሉት የደብረ ማርቆሱ ኤሌትሪሺያን

የድሮ ላንድክሩዘር አላችሁ? መኪናችሁ መንገድ ላይ ድንገት እየጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል? እንግዲያው ይሄን አንብቡ። ደብረ ማርቆስ አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን አሉ። ቀርፋፋ ናቸው። ጠባያቸውም ትንሽ ጎምዘዝ ይላል። ቤታቸው ውስጥ ለደንበኛ የሚሆን ወንበር እንኳ የለም። እንዲህም ሆኖ ለኤሌትሪክ ችግር ከእንግዲህ ሌላ ቦታ አልሄድም።

መኪናዬ ሃርድቶፕ የሚሏት ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፤ ቶዮታ በፈረንጅ 1990 ያወጣው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቅም። ከሐራጅ ነው የገዛኋት። ቀድሞ የአንድ ድርጅት የመስክ መኪና ነበረች። አሁን ለክትባት ቡድን፣ ለቀያሾች፣ ለጥናት ለሚመጡ ሰዎች ከነሾፌሯ አከራያታለሁ። ሥራዋ በአብዛኛው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጀን ትሄዳለች። ከሁሉም የሚበዛው ግን ወደ ጮቄ ተራራ ነው።

ችግሯ ይሄ ነበር። በአስፋልት ባሕር ዳር ድረስ ብትነዷት ምንም አትልም። ዓባይ በረሃን ወርዳ ስትወጣም ሰላም ናት። ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ጠጠሩን ይዛ መውጣት ስትጀምር ግን ድርግም ትላለች። መብራቱ አለ፣ ቴፑ ይዘፍናል፣ ሞተሩ የለም። ሾፌሬ ቁልፉን ያጠፋል፣ ያበራል። አንዳንዴ ወዲያው ትነሳለች። አንዳንዴ ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ብርድ ካቆራመደው በኋላ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ቆማችሁ የምትጨዋወቱበት አገር አይደለም። ደግሞ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም የሞተሩን እገዛ ስለሚያጣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይሄ በአቀበት ሲሆን ያስደነግጣል፤ በቁልቁለት ሲሆን አላወራውም።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ያልዞርኩበት ጋራዥ የለም። አንዱ ፊልትሮ ቀየረ። ሌላው የናፍጣ ፓምፑ ወርዶ መታደስ አለበት አለኝ፤ ከ60,000 ብር በላይ ጠየቀ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ከፍታ ላይ አየር ያንሳታል» አለኝ። ሌላኛው ደግሞ ኤሌትሪክ ነው አለ፣ እሱስ ልክ ነበር። ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነቅሎ ቀየረ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መለሰ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር እጁን ከትቶ ነካ ነካ አደረገና ገንዘቡን ተቀበለ። እውነትም መኪናዋ ደህና ሆና ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን ክትባት ጭና ስትወጣ እዚያው እንደለመደችው ቀጥ አለች። የክትባት ሳጥን በረዶው እየሟሟ የሚጮህ የጤና ባለሙያ ስልክ ላይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

የጋሼ ቤት ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተቆለለ አሮጌ ባትሪ ታያላችሁ፣ እሱ ነው ምልክቱ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ውስጡ አንድ መኪና ቢያስገባ ነው፤ የተቀረው መንገድ ዳር ተራውን ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ዲናሞና ሞተሪኖ (ባትሪ የሚሞላውና ሞተር የሚያስነሳው) በሽቦ ተንጠልጥሏል። አንድ ረዳት አላቸው፣ ዝምተኛ ልጅ። ከሰላምታ ሌላ አንድ ቃል አልሰማሁትም፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነው።

ኮፈን አልከፈቱም። መጀመሪያ ሾፌሬን አጠገባቸው አቁመው ይጠይቁት ጀመር።

«ስትጠፋ እየተንተባተበች ነው ወይስ ቀጥ ብላ?»

«ቀጥ ብላ ነው ጋሼ። ቁልፍ የዘጋሁባት ነው የምትመስለው።»

«ጭስስ?»

«የለም።»

«ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪና የዘይት መብራት ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው ቁልፉን መልሰህ ስትከፍት ከኮፈኑ ሥር ቀጭ የሚል ትሰማለህ?»

ሾፌሬ እዚህ ላይ ዝም አለ። ማን ያዳምጣል በዚያ ብርድ?

ረዳቱን ቁልፍ አስከፈቱትና እኔን ወደ ፓምፑ አስጠጉኝ። ቀጭ አለች፣ ትንሽ ድምፅ ናት። ያቺ ድምፅ የሶሌኖይዷ፣ በኤሌትሪክ የምትሠራው የናፍጣ መዝጊያ ናት አሉኝ። ናፍጣ ያጠራት ሞተር ይንተባተባል፣ ጉልበት ያጣል፣ ትንሽ እየታገለ ነው የሚሞተው። ከፍታም ቢሆን ጉልበት ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስ ያስተፋል እንጂ ድርግም አያደርግም። «አየር አንሷት ነው» ያለኝን ሰው ስነግራቸው ሳቁ፤ የሳቁት ያኔ ብቻ ነው መሰለኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ የገባኝ ነገር ስላለ። እንደዚህ ያለ የድሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ከኤሌትሪክ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፓምፑ ላይ ያለችው ሶሌኖይድ 12 ቮልት ሲደርሳት የናፍጣውን መንገድ ትከፍታለች፣ ሲቋረጥባት ትዘጋለች። ቁልፍ ስናጠፋ ሞተሩ የሚቆመው በእሷ ነው። ዲናሞው ባይሠራ፣ መብራቱ በሙሉ ቢቃጠል፣ እሷ ጋ ኤሌትሪክ እስከደረሰ ድረስ ሞተሩ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋ ውስጥ ካለው ያ ሁሉ ሽቦ የሚጠረጠረው አንድ መስመር ነው፤ ከባትሪ ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ በዳሽቦርድ ሥር አልፎ ወደ ፓምፑ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ፓምፑን አውርደን እናድስ ያለኝ ሰውዬ ያውቀው ይሆን?

«ታዲያ ያንን መስመር ለምን አንቀይረውም?» አልኳቸው።

«የቱን? ቁልፉን? የፊውዙን መቀመጫ? ሶኬቱን? ሶሌኖይዷን? የማላውቀውን አልቀይርም። ደግሞ አሁን አልነካትም።»

«ለምን?»

«ጤነኛ ናታ። ሲያማት ነው የምናያት።»

መጀመሪያ አልጣመኝም። ገንዘብ ይዤ መጥቼ አልነካም መባል ምን ይሉታል? ነገሩ ግን ያ የቀድሞው ሰው መኪናዬን እንዴት «እንዳዳናት» አስረዳኝ። አልፎ አልፎ የሚመጣ የኤሌትሪክ ችግር ሲነካኩት ይድናል። ፊውዝ ሲነቀልና ሲገባ፣ ሶኬት ሲላቀቅና ሲገጠም፣ የሽቦ እሽግ ሲገፋ፣ የላላው ለጊዜው ይገናኛል። ሠሪው ያገኘው ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን የለም፤ የነበረውንም ምልክት አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ጋሼ ይሄን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ረዳታቸው እንኳ አንድ ፊውዝ እንዳይነካ ተቆጡት።

ባትሪውንና የኔጋቲቩን እስር ግን አዩ። ቆማ 12.6፣ ተነስታ ወደ 14 ቮልት። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ መሐል የቮልት መለኪያ ሜትር ያዙ፤ እዚህ መሐል ብዙ ቮልት ከታየ የኔጋቲቩ ገመድ ደክሟል ማለት ነው። ደህና ነበር። አለፉት።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ የዳሽቦርድ አምፖሎች አመጡ። አንዱን ቀይ ናስትሮ ጠቀለሉበት። የቀዩን ሽቦ ከሶሌኖይዷ ራስ ላይ ቀጠሉት፤ ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ በመስኮት ገባ። የነጩን ከፊውዙ መውጫ። የሁለቱንም ሌላኛ ጫፍ ቦዲ ላይ አሰሩ። በሁለቱም ሽቦ ላይ ትንሽ ፊውዝ ገብቶበታል፤ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ እንኳ አዲስ ችግር እንዳይጨምርብን። አምፖሎቹን ሾፌሩ ሳይዞር በሚያያቸው ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፏቸው። ሜትር አላቸው፣ ግን ለዚህ ሥራ አምፖል ይመርጣሉ። ምክንያታቸው እንዲህ ነው። አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ሽቦ በሜትር ሲፈተሽ ጢጥ ይላል፣ ደህና ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚጋለጠው። አምፖል ትንሽም ቢሆን ኤሌትሪክ ይጎትታል፣ ደግሞ ከሜትር ቁጥር ይልቅ ለዓይን ይፈጥናል።

ነጩም ቀዩም ቢጠፉ ችግሩ ከፊውዙ በፊት ነው፤ ቁልፉ ወይም ከባትሪ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ። ነጩ እየበራ ቀዩ ቢጠፋ ከፊውዙ በኋላ ያለው ሽቦ ነው። ሁለቱም እየበሩ ሞተሩ ቢጠፋ ሶሌኖይዷ ራሷ ናት፣ ወይም ነገሩ ከናፍጣ ነው። በቃ። እንደዚህ ቀላል ነገር ስንት ጋራዥ አላሰበውም!

እንደ ወትሮው ጫኑና እንውጣ አሉ። ባዶ መኪና ይዘላል እንጂ እንደጫነ መኪና አይወላገድም። ለሮብ ገበያ የሚሄድ ጭነት ከኋላ አስገባን። ጋሼ ከፊት፣ እኔና ረዳቱ ከጭነቱ ጋር ከኋላ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አላወሩም። ገብሱን አላዩ፣ ሰዉን አላዩ፤ ዓይናቸው ሁለቱ አምፖሎች ላይ ተተክሏል። ሾፌሬ ቀልድ ሞከረ፣ አልተሳካለትም።

ከሮብ ገበያ አልፈን ጅብራው፣ ያ የደጋው ረጅም ተክል፣ መታየት ሲጀምር አንድ ቦይ ላይ ዘለለችና ቀዩ ድርግም ብሎ መልሶ በራ። ሞተሩ አልጠፋም፣ ብቻ ደነገጠ። ጋሼ እጃቸውን አነሱ፣ ቀጥል ማለታቸው ነው። ትንሽ እንደሄድን ቀዩ ጨርሶ ጠፋ። ሞተሩም አብሮ። ነጩ እንደበራ ነው።

«አትንካ!»

ሾፌሬ እንደለመደው እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። እንደ ሌባ መለሰው። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱት፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይናወጥ። ቁልፉ ክፍት እንደሆነ ሶሌኖይዷ ላይ ሜትር ያዙ፤ ዜሮ። ከዚያ ሽቦው ከውስጥ ወደ ሞተር ክፍሉ ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ በቀጭን መርፌ ወጉት፤ እዚያም ዜሮ። ፊውዙ ላይ ደግሞ 12 ቮልት አለ። ስለዚህ ችግሩ ውስጥ ነው፣ በፊውዙና በቀዳዳው መሐል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ሕፃናት ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበውን ነበር። አንዱ «ናፍጣ አልቆባችሁ ነው?» አለ። ጋራዥ ቢከፍት ያዋጣዋል።

ጋሼ ቀጭን ዱላ ያዙና ከዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሰው የሽቦውን እሽግ ቦታ በቦታ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። እጃቸውን አላስገቡም። ረዳቱ ቀዩን አምፖል እያየ ነው። ጸጥታ። ጸጥታ። ድንገት ቀዩ በራ፣ ከኮፈኑ ሥርም ቀጭ። መልሰው ነኩት፣ ጠፋ። «መጣሽ!» አሉ፤ ለሽቦዋ ነው።

ያወጡት ነገር ይኸውላችሁ። በአውራ ጣት የሚያህል የናስትሮ እብጠት። ሙጫው ቀልጦ የተጣበቀ፣ አቧራ የጠጣ። ሲላጥ ውስጡ ሁለት ሽቦ ተላልጦ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ፣ መዳቡ የጠቆረ፣ ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ። ከጎኑ ተቆርጦ የቀረ የማይታወቅ ሽቦ። ያ ድርጅት መኪናዋን በጂፒኤስ ይከታተል ነበር፤ ሞተር ከሩቅ የሚያጠፋ ሪሌም ነበረው። ለሐራጅ ሲያወጣት ጂፒኤሱን ነቀለ። ሪሌው የገባበትን የሶሌኖይድ ሽቦ ግን የነቀለው ሰው በጣቱ ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቀለለበት። እሽጉም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይወዛወዛል። አስፋልት ላይ አይሰማውም። ጠጠር ላይ ረጅም ጊዜ ሲናወጥ ይለያያል፤ ቆማ ሲረጋ ይገናኛል። ያ ሁሉ ጣጣ ይሄ ነው። ልጠይቅ እንጂ፣ ሲነቅሉ በደንብ መግጠም ምን ያህል ይፈጃል?

እዚያው ለጊዜው አያያዙትና ተመለስን። ዋናውን ሥራ የሠሩት ቤታቸው ነው። የተበላሸውን ቁራሽ ቆርጠው ጣሉ፣ በውፍረት እኩል የሆነ ሽቦ አስገቡ፣ በሊድ በየዱት፣ በእሳት የሚጨማደድ ጎማ አለበሱት። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ከብረቱ ጋር አሰሩት። የተበየደ ሽቦ ይደርቃል፣ ሳይታሰር ከተንቀጠቀጠ ከብየዳው ጥግ ይበጠሳል አሉኝ። የድሮ ሬዲዮ ሽቦም ነበረ፤ ተሰብስቦ ሲወጣ አንድ ፌስታል ሞላ።

አሁን ቅሬታዬን። ደረሰኝ አይሰጡም። እኔ መኪና ለመሥሪያ ቤት የማከራይ ሰው ነኝ፤ ያለ ደረሰኝ ወጪዬን ለማን ላሳይ? ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸው «እጽፍልሻለሁ» አሉኝ፣ አልጻፉም። ቀጠሮም አያከብሩም። ጠዋት ኑ ብለው ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ሞተሪኖ ፈተው አገኛቸዋለሁ። ዕቃ ግዙ ሲሉም ከየት እንደሚገዛ አይናገሩም፣ ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ። ሽንት ቤት የለም፤ ለሴት ደንበኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጎሚስታው ባለቤት ደግ ስለሆነ ነው የተረፍኩት።

ዋጋቸው ለየት ይላል። የሚያስከፍሉት ለዕቃ ሳይሆን ለፍለጋው ነው። ከእኔ ለፍለጋው 4,000 ብር፣ ለጥገናው 700 ተቀበሉ፣ ናፍጣው በእኔ። አንድ ወዳጄ «ለናስትሮ 4,000 ብር?» ብሎ ስቆብኛል። እሱ ፓምፕ አሳድሶ ነበር፤ መኪናው አሁንም ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳቁን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ካላገኙት ግን ፍለጋውን አያስከፍሉም፤ ይሄን ቀድመው ነው የሚነግሯችሁ።

ለማን ይሆናሉ? ለድሮ ላንድክሩዘር፣ ለድሮ ሃይሉክስ፣ ለአይሱዙ፣ ሽቦ በዓይን ለሚታይበት መኪና ሁሉ። አዲስ ባለ ኮምፒውተር መኪና ይዛችሁ ብትሄዱ ከበር ይመልሷችኋል፤ አላፍርም ይላሉ፣ ደግሞ ልክ ናቸው። ስትሄዱ የሚነዳውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤት ብቻ ከመጣ አይጀምሩም፤ ችግሩን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። በምን መንገድ፣ ከምን በኋላ፣ ሙቀት ላይ ነው ብርድ ላይ፣ ስትጠፋ የትኛው መብራት ቀረ፣ እነዚህን አስቡና ሂዱ። ከሐራጅ የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት እዩ፤ ናስትሮ ያበጠበት ነገር ካለ ለሳቸው ንገሯቸው እንጂ አትንኩት።

ቀይዋን አምፖል አላወጧትም። ለጥቂት ጊዜ ትቆይ ብለው ዳሽቦርዱ ላይ ተዋት፤ እስካሁን አንድም ጊዜ ድርግም አላለችም። ሾፌሬ ተሳፋሪ ሲጠይቀው «ራዳር ነው» ይላል።

ወር በገባ በ12፣ በ19 እና በ21 ዝግ ናቸው፤ እሑድም እንዲሁ። ስልካቸው ያለው ረዳቱ ጋ ነው፣ ልጁ ደግሞ እንደነገርኳችሁ አያወራም፤ «አሉ» ወይም «የሉም» ይላችኋል። ለእኔ የዲናሞው ቺንጊያ ሰሞኑን ይጮህ ጀምሯል። ሰኞ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ 21 ካልሆነ።